ከላርች እንጨት የሚሠራ የአልፕስ መንገድ ዳር መስቀል፦ ከእንጨት መረጣ እስከ ተከላ

በኦስትሪያው ቲሮል፣ በጣሊያን ሥር ባለው ደቡብ ቲሮል ወይም በጀርመኑ ባቫሪያ ተራሮች በእግሩ የተጓዘ ሰው በየመንታ መንገዱ፣ በየማሳው ጠርዝና በየድልድዩ አፍ የእንጨት መስቀል ይገጥመዋል። ብዙው ባለ ጣሪያ ነው። ጀርባው በጣውላ ተሸፍኗል፣ የክንዶቹ ላይኛ ጠርዝም ገደድ ተደርጎ ተልጓል። ላላወቀው ይህ ሁሉ ጌጥ ነው። ለአናጺው ግን ጌጥ ከመሆኑ በፊት ውሃ ማራቂያ ነው። የእንጨት መስቀልን ዕድሜ የሚያሳጥረው ብርድ ወይም በረዶ ሳይሆን እንጨቱ ላይ ቆሞ የሚቀር ውሃ ነው። ይህ መመሪያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለ ውሃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የመስቀሉ ዓይነቶች

የአገሩ ሰው ሁሉንም በአንድ ስም አይጠራም። ለመንገደኛው መሳለሚያ የሚቆመው ቬግክሮይትስ ይባላል፤ የመንገድ መስቀል ማለት ነው። በእርሻ ዳር የሚቆመው ፌልድክሮይትስ ነው። ማርተርል የሚባለው ሰው በናዳ፣ በመብረቅ ወይም በወደቀ ግንድ ድንገት የሞተበትን ቦታ ያመለክታል፤ አላፊ አግዳሚው ለሟቹ ነፍስ እንዲጸልይ የሚጠይቅ ሥዕልና ጽሑፍ ይኖረዋል። ቬተርክሮይትስ ደግሞ የአየር ጠባይ መስቀል ነው። ሰብል ከሚያወድም በረዶና ከመብረቅ እንዲጠብቅ የሚተከል ሲሆን በሁለት ወይም በሦስት አግዳሚዎቹ ከሩቅ ይለያል።

ጊፕፌልክሮይትስ የሚባለው የተራራ ጫፍ መስቀል ለብቻው የሚታይ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ሞን ኤጉይ የተባለው ገደላማ ተራራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1492 በንጉሥ ቻርልስ 8ኛ ትእዛዝ የወጣው አንትዋን ደ ቪል ሦስት መስቀሎች አስተክሏል። በ1800 ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የኦስትሪያ ከፍተኛ ተራራ ግሮስግሎክነር ጫፍ ሲደርሱም መስቀል አቁመዋል። በ1851 በጀርመን ከፍተኛ ተራራ ሱግሽፒትሰ ላይ የተተከለው ግን የብረት ነበር። የጫፍ መስቀል የድንጋይ መልሕቅና የብረት ገመድ ወጠራ ይፈልጋል፣ መብረቅም ይስባል። የመጀመሪያ ሥራዎ አያድርጉት።

አርማ ክርስቲ የሚባለውም መስቀል አለ፤ የሕማማቱ ዕቃዎች በሙሉ ይደረደሩበታል። አናቱ ላይ አውራ ዶሮ ይቀመጣል። በጎንና ጎን ጦሩና ሰፍነግ ያለበት ዘንግ ይጋደማሉ። መሰላሉ፣ መዶሻው፣ ጉጠቱ፣ ችንካሮቹና ወታደሮቹ ዕጣ የተጣጣሉበት ሁሉ ይከተላሉ። ለዓይን ያማረ ነው፤ ለጥገና ግን አስቸጋሪ፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ትንሽ ቁራጭ የራሱ የተቆረጠ ጫፍ አለው፣ እያንዳንዱም ጫፍ ውሃ ይጠጣል።

እዚህ የምንሠራው በጣም የተለመደውን፣ ባለ ጣሪያና ባለ ጀርባ የመንገድ ዳር መስቀል ነው።

እንጨቱ

የመጀመሪያው ምርጫ ላርች ነው። ላርች ጥድ ይመስላል፤ ልዩነቱ በመኸር ቅጠሉን ማራገፉ ነው። ቀላ ያለው የግንዱ ውስጥ፣ ማለትም ልቡ፣ ሙጫ የበዛበትና ጥብቅ ነው። ነጣ ያለው የውጭ ክፍል ግን ከሌላው ተራ እንጨት አይሻልም፣ በጥቂት ዓመት ይበሰብሳል። ሞራሌ ሲገዙ በአራቱም ጠርዝ ነጭ መስመር መኖር አለመኖሩን ይዩ። ካለ ወይ ያስልጉት፣ ካልሆነም ይመልሱት። ከከፍታ ቦታ የመጣ፣ ዝግ ብሎ ያደገና የዕድሜ ቀለበቱ የተጠጋጋ ላርች ከቆላው ይመረጣል። ኦክም ጥሩ ነው፣ ግን ይከብዳል። ስፕሩስ ርካሽ ቢሆንም ሜዳ ላይ አይበረክትም።

ሁለተኛው ጥያቄ ሞራሌው ከግንዱ የትኛው ክፍል ወጣ የሚለው ነው። የግንዱ እምብርት በሞራሌው መሐል ካለ እንጨቱ ሲደርቅ ከውጭ እስከ መሐል ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ወደ ላይ ካፈጠጠም የውሃ ቦይ ይሆናል። መጋዝ ቤቱ ግንዱን ለሁለት ወይም ለአራት ሰንጥቆ እምብርቱን ወደ ውጭ እንዲያስቀር ይጠይቁ።

ዛፉ የሚቆረጠው በክረምት ነው፣ ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ባለው ጊዜ። የተራራው ሕዝብ ጨረቃ ስታጎድል የተቆረጠ እንጨት አይነቅዝም ይላል። ጨረቃዋ ያከራክራል፣ ክረምቱ ግን አያከራክርም፤ በብርድ ጊዜ ነፍሳትና ሻጋታ አይነሡም፣ እንጨቱም ቀስ ብሎ ይደርቃል። የቆየው የአናጺ ስሌት ለ2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ማድረቅ ነው። በዚህ ስሌት ባለ 14 ሴንቲሜትር ሞራሌ ከአምስት ዓመት በላይ ሊጠብቅ ነው፤ ያን ያህል የሚታገሥ የለም። እምብርት የሌለው ከሆነ በጥላና በነፋስ ሁለት ዓመት ይበቃዋል። እርጥቡን ከሠሩት ግን እያንዳንዱ 14 ሴንቲሜትር ከ4 እስከ 6 ሚሊሜትር ይሸሻል፣ ማለትም ይኮማተራል፤ ዛሬ ጥብቅ ብሎ የገባው መጋጠሚያ በዓመቱ ከሩቅ የሚታይ ክፍተት ይሆናል።

የሚያስፈልገው

ለቋሚው 14 በ14 ሴንቲሜትር የሆነ 3.20 ሜትር ሞራሌ፣ ለአግዳሚው ተመሳሳይ ውፍረት ያለው 1.50 ሜትር። ለጣሪያው 19 ሴንቲሜትር ስፋት፣ 2.5 ሴንቲሜትር ውፍረትና 1.15 ሜትር ርዝመት ያላቸው ስድስት ጣውላዎች። ለጀርባው 12 በ2 ሴንቲሜትር ጣውላ በጠቅላላ 15 ሜትር ያህል። ለጣሪያው መደገፊያ 6 በ8 እና 4 በ6 ሴንቲሜትር የሆኑ አጫጭር ቁርጥራጮች፣ እያንዳንዳቸው 57 ሴንቲሜትር። ለእግሩ 80 በ10 ሚሊሜትር የሆነ፣ በቀለጠ ዚንክ ተነክሮ የተለበጠ ሁለት ጠፍጣፋ ብረት፣ እያንዳንዱ 1.30 ሜትር። ባለ 16 ሚሊሜትር ሁለት ብሎኖች ከነዳዶና ሮንዴላቸው፣ ከኦክ የተላጉ ባለ 20 ሚሊሜትር አራት የእንጨት ችንካሮች።

ቪቴውም ምስማሩም የማይዝግ ብረት ይሁን። ላርች ውስጥ ያለው አሲድነት ተራ ብረት ሲነካ እንጨቱን ያጠቁረዋል፤ ከየምስማሩ ሥር ጥቁር እንባ ይወርዳል፣ ያ ደግሞ በቀላሉ አይታጠብም።

መሣሪያው ማንኛውም አናጺ ያለው ነው፦ መጋዝ፣ ሰፊ መሮ፣ መላጊያ፣ ስኳድራ፣ መሰርሰሪያ፣ ቱንቢና ውሃ ልክ።

መጋጠሚያው

ቋሚውን አጋድመው ከታች 2.46 ሜትር ላይ አንድ መስመር፣ 2.60 ሜትር ላይ ሌላ መስመር በስኳድራ ያስምሩ። አግዳሚው የሚቀመጠው በእነዚህ መካከል ነው፤ ከሱ በላይ 60 ሴንቲሜትር አናት ይቀራል። በቋሚው ፊት በኩል 7 ሴንቲሜትር ጥልቀት፣ በአግዳሚው መሐል በጀርባው በኩል ደግሞ ሌላ 7 ሴንቲሜትር ይወጣል። ሁለቱ ሲጋቡ ፊታቸው እኩል ይሆናል።

ጥልቀቱን በአንድ መጋዝ ምት ለማውጣት አይሞክሩ። በየ2 ሴንቲሜትሩ እስከ መስመሩ ድረስ በመጋዝ ከሰነጠቁት በኋላ ቁርጥራጩን በመሮ ያንሱ፣ ወለሉንም ያስተካክሉ። መስመሩን አይብሉት፤ መጋዙ ከመስመሩ ወደ ውስጥ ይሂድ። አግዳሚው በመዶሻ ቀላል ምት ከገባ ልኩ ነው። በእጅ ተገፍቶ ከገባ ሰፍቷል፣ በከባድ መዶሻ ብቻ ከገባ ደግሞ የቋሚውን ትከሻ ይሰነጥቃል።

ከመገጣጠሙ በፊት የአግዳሚው ላይኛ ፊት ወደ ፊት 15 ዲግሪ ያህል ዘቅዘቅ ብሎ ይላግ። መጋጠሚያው ያለበት መሐሉ ብቻ ሳይነካ ይቀራል። ከታችኛው ፊት፣ ከፊተኛው ጠርዝ 2 ሴንቲሜትር ገባ ብሎ፣ 5 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቦይ ያውጡ። በእንጨቱ ሥር ተጣብቆ ወደ ኋላ የሚሾልከው ውሃ እዚያ ሲደርስ ጠብ ይላል። ብዙዎች ይህን ቦይ ይረሱታል፤ ልፋቱ አሥር ደቂቃ ነው፣ ጥቅሙ ግን የዓመታት ነው።

አግዳሚው ከገባ በኋላ አራቱን ማዕዘኖች በስኳድራ ያረጋግጡ። ከመጋጠሚያው ማዕዘን ማዕዘን 3.5 ሴንቲሜትር ገባ ብለው አራት ቀዳዳ በ20 ሚሊሜትር በስተው የኦክ ችንካሮቹን ይምቱ። ሙጫ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ይጎዳል፣ ሁለት እንጨቶች በተለያየ አቅጣጫ ሲሸሹና ሲያብጡ ሙጫው አንዱን ይሰነጥቀዋል።

ጣሪያውና ጀርባው

የቋሚው አናት ላይ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ጎድጓዳ ወጥቶ 6 በ8 የሆነው ቁራጭ እንደ ጣሪያ ወራጅ ይቀመጥበታል። ከጀርባ 7፣ ከፊት 36 ሴንቲሜትር ያህል ይወጣል። በሁለቱም ክንዶች ጫፍ ላይ 4 በ6 የሆኑት በተመሳሳይ አቅጣጫ ይጋደማሉ፤ ከሥር በሁለት ሁለት ቪቴ ይያዛሉ። እንግዲህ በየጎኑ ሦስት ሦስት ጣውላ ከአናቱ ወደ ክንዱ ጫፍ ቢዘረጋ የተዳፋትነቱ ልክ 39 ዲግሪ ያህል ይመጣል። ጣውላው ከክንዱ ጫፍ ከ15 ሴንቲሜትር በላይ አልፎ ስለሚወጣ የክንዱን የተቆረጠ ጫፍ ይሸፍናል። ይህ ዋና ነገር ነው፤ እንጨት በጎኑ ከሚጠጣው ይልቅ በተቆረጠ ጫፉ የሚጠጣው ውሃ ብዙ እጥፍ ነው።

ክዳኑ በልማዱ የላርች ስንጣሪ፣ ማለትም እየተደራረበ የሚመታ ስስ የእንጨት ቁራጭ ነው። ስንጣሪው በመጥረቢያ የተሰነጠቀ እንጂ በመጋዝ የተቆረጠ እንዳይሆን። ሲሰነጠቅ የእንጨቱ ጭረት ሳይቆረጥ ይቀራል፣ ውሃውም ጭረቱን ተከትሎ ይወርዳል፤ መጋዝ ግን ጭረቱን በየቦታው ይከፍተዋል። 40 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ስንጣሪ በሦስት ድርብ ሲከደን ከእያንዳንዱ የሚታየው 13 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ስንጣሪው ጎን ለጎን ቢደረደር ለሁለቱም ጎን 10 ሜትር ያህል ወርድ ይፈጃል፤ ለመነሻው ረድፍ ድርብ ስለሚያስፈልግ ጥቂት ይጨምሩ። ስንጣሪውን እርስ በርስ አያጣብቁት። እርጥበት ሲያገኝ እንዲያብጥ በመካከሉ 3 ሚሊሜትር ይተዉ፣ አለዚያ በመጀመሪያው ዝናብ ጎብጦ ምስማሩን ይነቅላል። ስንጣሪ ካጡ 0.6 ሚሊሜትር የመዳብ ቆርቆሮ ይበቃል፤ ጠርዙ ወደ ታች ታጥፎ 3 ሴንቲሜትር ይውጣ።

ጣሪያው ብቻውን አይበቃም። ዝናብ በነፋስ ተገፍቶ በ45 ዲግሪ ሲመጣ 36 ሴንቲሜትር የወጣ ጣሪያ የሚሸፍነው 36 ሴንቲሜትር ወደ ታች ነው፣ ከዚያ በታች ያለው ይርሳል። ጀርባው በጣውላ የሚዘጋው ለዚህ ነው፤ መስቀሉም በተቻለ መጠን ጀርባውን ዝናብ ወደሚመጣበት ሰጥቶ ይቆማል። በሰሜናዊው አልፕስ ዝናቡ በብዛት ከምዕራብና ከሰሜን ምዕራብ ስለሚነፍስ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ደቡብ ምሥራቅ ቢሆን ይመረጣል። መንገዱ ከፈቀደ፤ ከመንገደኛው ፊቱን ያዞረ መስቀል ግን ለማንም አይጠቅምም።

የጀርባውን ጣውላዎች በቁመት ይደርድሯቸው፣ አንዱ በሌላው ላይ 2 ሴንቲሜትር ይደረብ። ከአግዳሚው በላይ ያለውን ሦስት ማዕዘን ይሙሉ፣ ከአግዳሚው በታች ደግሞ 40 ሴንቲሜትር ስፋት ኖሮት እስከ ሥጋው፣ ማለትም እስከ ተሰቀለው ክርስቶስ ቅርጽ እግር ይውረድ። የእያንዳንዱ ጣውላ የታችኛ ጫፍ በ30 ዲግሪ ገደድ ብሎ ይቆረጥ። እያንዳንዱን ጣውላ በአንድ ረድፍ ምስማር ብቻ ይያዙት፤ በሁለት ረድፍ የተያዘ ሲሸሽ መሐሉ ይሰነጠቃል።

ሥጋው

በካቶሊክ አልፕስ መስቀል የተሰቀለው ክርስቶስ አካል ሳይኖረው ብዙ ጊዜ አይቆምም። ለእኛ አንባቢ ይህ ትንሽ እንግዳ ነው፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ የእጅና የመጾር መስቀሎች በሐረግና በጥልፍልፍ የሚያጌጡ እንጂ የተቀረጸ ሥጋ የሚሸከሙ አይደሉም። ችንካሩም ይለያል። በእኛ ትውፊት ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራና ሮዳስ ተብለው አምስት ይቆጠራሉ። በአውሮፓ በቀደመው የሮማነስክ ዘመን አራት ነበሩ፤ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ በጎቲክ ዘመን ሁለቱ እግሮች ተደራርበው በአንድ ሲቸነከሩ ሦስት ሆኑ። የአልፕስ ቀራጮች እስከ ዛሬ የሚከተሉት ይህን ሦስቱን ነው።

ቅርጹን ራስዎ ካልቻሉ በደቡብ ቲሮል ያለው የግሮድነር ሸለቆ ቀራጮች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ የባቫሪያዋ ኦበራመርጋውም በዚሁ ሙያ ትታወቃለች። ለ3.20 ሜትር መስቀል 80 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው ሥጋ ይመጥናል። ከዚያ ካነሰ ከመንገድ አይታይም፣ ካለፈ ደግሞ የአግዳሚውን ጫፎች ይውጣቸዋል። ሲያዝዙ ሦስት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ እንጨቱ ጺርበ የሚባለው የተራራ ጥድ ይሁን። ሊንደን የሚባለው ለስላሳ እንጨት ለመቅረጽ ይመቻል፣ ለቤት ውስጥም ተወዳዳሪ የለውም፣ ሜዳ ላይ ግን ቶሎ ይበሰብሳል። ሁለተኛ፣ ጀርባው ተቦርቡሮ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ግድግዳ ይቅር፤ ድፍን ግንድ ደረት ላይ ይሰነጠቃል። ሦስተኛ፣ ክንዶቹ ለብቻቸው ተቀርጸው ይገጠሙ፤ ከአንድ እንጨት ከወጡ ጭረቱ ክንዱን አቋርጦ ስለሚሄድ በትንሽ ምት ይሰበራሉ።

ሲሰቅሉት ከመስቀሉ ጋር አያጣብቁት። ከጀርባው የ1 ሴንቲሜትር እንጨት መለያያ አድርገው በማይዝግ ቪቴ ይያዙት፣ አየር እንዲያልፍ። ከራሱ በላይ የሚሰቀለው ጽላት በላቲን ፊደላት «የናዝሬቱ ኢየሱስ የአይሁድ ንጉሥ» የሚለውን በአራት ሆሄ ያሳጥራል፤ ወደ ፊት ትንሽ ያዘንብል።

ቅብ? ለመስቀሉ ምንም። ላርች በፀሐይ ውሎ አድሮ እንደ ብር ይሸብታል፤ ይህ ሕመም አይደለም። የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ የቀቡት መስቀል ግን በሦስተኛው ዓመት ይላላጥና ውሃውን ከሥሩ ያቁራል። ለሥጋው የፈላ የተልባ ዘይት በስሱ ሁለት ጊዜ ይቀባል፤ በሁለቱ መካከል ሁለት ቀን ይጠብቁ። የተጠቀሙበትን ጨርቅ ጨምድደው ጥግ አይጣሉት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጨመደደ ጨርቅ ደግሞ ያለ ክብሪት በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ወይ ዘርግተው ውጭ ያድርቁት፣ ወይ ውሃ ባለበት ቆርቆሮ ይንከሩት።

እግሩ

አብዛኛው መስቀል የሚሞተው እዚህ ነው። አባቶች የቋሚውን እግር በእሳት አጥቁረው መሬት ውስጥ ይቀብሩት፣ በድንጋይም ይወጥሩት ነበር። ማጥቆሩ ጥቂት ይረዳል እንጂ አያድንም፤ ብስባሴው የሚጀምረው እርጥበትና አየር አብረው በሚገኙበት ልክ በአፈሩ ወለል ላይ ስለሆነ። ከዚህ የባሰው ግን እንጨቱን ቀጥታ አርማታ ውስጥ መትከል ነው። ጠንካራ ይመስላል፤ ነገር ግን እንጨቱ ሲሸሽ በዙሪያው ስስ ክፍተት ይፈጠራል፣ ውሃ ይገባበታል፣ መውጫም የለውም። መስቀሉን በብርጭቆ ውሃ ውስጥ እንደማቆም ነው።

ስለዚህ 60 በ60 ሴንቲሜትር ስፋት፣ 80 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፍሩ። 80 ሴንቲሜትር የሆነው አፈሩ በክረምት እስከዚያ ድረስ ሊቀዘቅዝ ስለሚችል ነው። ውርጩ ከሥር ከገባ መሠረቱን ያነሳዋል፣ በጸደይ ሲቀልጥ ደግሞ ያዘነብለዋል። በከፍታ ቦታ ከ1 ሜትር በላይ ይሂዱ። በዛፍ አጠገብ ከሆነ ከግንዱ ቢያንስ 2 ሜትር ይራቁ፤ ሥር መቁረጥ ዛፉንም መስቀሉንም ይጎዳል። ከመቆፈር በፊት የውሃ ቱቦና የኤሌክትሪክ ገመድ አለመኖሩን ከማዘጋጃ ቤቱ ያረጋግጡ።

ይህ ጉድጓድ 0.29 ሜትር ኩብ አርማታ ይወስዳል፦ ባለ 25 ኪሎ ስሚንቶ ሦስት ከረጢት ተኩል፣ 540 ኪሎ ያህል የተቀላቀለ አሸዋና ጠጠር፣ 45 ሊትር ያህል ውሃ። አሸዋው እርጥብ ከሆነ ውሃውን ይቀንሱ፤ ቀጭን አርማታ በውርጭ ይፈረፈራል። ሁለቱን ጠፍጣፋ ብረቶች 70 ሴንቲሜትራቸው ገብቶ 60 ሴንቲሜትራቸው ከላይ እንዲቀር አድርገው ያቁሙ፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ፣ በመካከላቸው 14.2 ሴንቲሜትር። ብሎኖቹ የሚገቡበት ቀዳዳ አስቀድሞ ከአርማታው 22 እና 50 ሴንቲሜትር ላይ ይበሳ። ቀዳዳው ከዚንክ ልብጡ በፊት መበሳት አለበት፣ አለዚያ ዝገቱ ከዚያው ይጀምራል። አርማታው እስኪይዝ ድረስ በብረቶቹ መካከል የቋሚውን ውፍረት የሚያህል የእንጨት ቁራጭ አስገብተው ጠፍረው ይያዙ፤ አርማታ ሲጠቀጠቅ ብረት ይንቀሳቀሳል። የአርማታው አናት ከመሐሉ ወደ ዳር ይዘቅዝቅ።

ቢያንስ ሰባት ቀን ይጠብቁ። ጊዜ ካለዎት ሃያ ስምንት።

ማቆም

መስቀሉ ከነሥጋው ከ100 ኪሎ በላይ ይመጣል። ስድስት ሰው፣ ሁለት ገመድና ሁለት ሹካ ዘንግ ይበቃዋል። ነፋስ ባለበት ቀን አይሞክሩት። ጀርባው ያለው መስቀል 1 ካሬ ሜትር ያህል ገጽ ለነፋስ ይሰጣል፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ደግሞ እያንዳንዱን ካሬ ሜትር ከ50 ኪሎ በማያንስ ጉልበት ይገፋል። ክንዱ ሰው ራስ ላይ ሲደርስ ይህ ቀልድ አይደለም። ገላጣ ትከሻ ላይ የሚተከል ከሆነ መሠረቱንም 70 በ70 ያድርጉት።

መስቀሉን ፊቱን ወደ ላይ በእንጨት ፈረስ ላይ አስተኝተው እግሩን በሁለቱ ብረቶች መካከል ያስገቡ። የታችኛውን ብሎን ያስገቡት፣ ግን አያጥብቁት፤ ማጠፊያ ይሆናል። ሁለት ሰው ከፊት ገመድ ይስባል፣ ሁለት ከኋላ ሌላውን ገመድ ይዞ እንዳያልፍ ይገታል፣ የቀሩት በሹካው ዘንግ ክንዶቹን ይገፋሉ። በመስቀሉ ሥር ማንም አይቁም። ሲቆም ቱንቢ በፊትና በጎን ይጣሉ፣ ከዚያ የላይኛው ብሎን ይግባ። የቋሚው እግር ከአርማታው 12 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ይንጠለጠላል። የሚያልፍ ሁሉ «ይህ ነገር አላለቀም እንዴ?» ይላል። ይበል። በዚያ ክፍተት አየር ይመላለሳል። በአፈር፣ በድንጋይ ወይም በአበባ እንዳይሞላ ለሰፈሩ ይንገሩ።

ቡራኬውና ቀኑ

መስቀል ከቆመ በኋላ የአካባቢው ቄስ በጸበል ይባርከዋል። ከመሬቱ ባለቤት ፈቃድ፣ ከማዘጋጃ ቤቱም ማረጋገጫ መውሰድ ከዚህ ቀድሞ ያለቀ ጉዳይ ነው። የቆየ መስቀል የሚተኩ ከሆነ በቅርስነት የተመዘገበ መሆኑን ይጠይቁ፤ የተመዘገበን ያለ ፈቃድ መንቀል ወንጀል ሊሆን ይችላል።

በልማዱ ሁለት ቀኖች ይመረጣሉ። አንዱ ሜይ 3፣ ንግሥት እሌኒ መስቀሉን ያገኘችበት ተብሎ በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ይከበር የነበረው ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ከአጠቃላዩ የቀን መቁጠሪያ ወጥቷል፣ ገበሬው ግን አልረሳውም። ሌላው ሴፕቴምበር 14፣ የመስቀሉ ከፍ ማለት በዓል ነው። ይህ ቀን ከእኛ መስከረም 17 ጋር በሥሩ አንድ ነው፤ በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 14 የሚሆነው ዛሬ በግሪጎሪዮስ ሴፕቴምበር 27 የሚውለው ነው። በብዙ ደብር ከሜይ 3 እስከ ሴፕቴምበር 14፣ ማለትም ሰብሉ ሜዳ ላይ በሚቆይበት ወራት፣ ከቅዳሴ በኋላ የአየር ጠባይ ቡራኬ ይሰጣል። ከዕርገት በፊት ባሉት ሦስት ቀናትም ሕዝቡ በማሳው መካከል እየዞረ በየመስቀሉ ቆሞ ይጸልያል። እንግዲህ መስቀሉ ቢያንስ ሃያ ሰው የሚቆምበት ቦታ ከፊቱ ይኑረው። አጥርና ጉድባ መካከል የተወሸቀ መስቀል ለዚህ አይሆንም።

ለእርሻው ራሱ ደግሞ ትንሽ መስቀል ይበጃል። በፋሲካ ዋዜማ ከተባረከው እሳት የከሰለ ጭራሮ ወይም በሆሳዕና ከተባረከ ቅርንጫፍ ላይ አንድ ክንድ ያህል እንጨት ይወሰዳል። ራሱን በቢላዋ ሰንጥቀው አጭሩን በስንጥቁ ውስጥ ካስገቡ ያለ ምስማር መስቀል ይሆናል፤ በማሳው ማዕዘን ይሰካል። ይህኛው በዓመቱ ቢበሰብስም ማንም አያዝንም፣ በሚቀጥለው ፋሲካ ይታደሳል።

ጥበቃ

በዓመት አንድ ጊዜ፣ በረዶው እንደቀለጠ፣ አንድ ሰዓት ይስጡት። የእግሩን ጫፍና የመጋጠሚያውን ላይኛ ጠርዝ በወስፌ ይውጉ። 1 ሴንቲሜትር ያለ ድካም ከገባ ብስባሴ ጀምሯል። በመዶሻ ጀርባ ሲያንኳኩት ጤነኛው ይጮኻል፣ የታመመው ድብ ይላል። ብሎኖቹን ያጥብቁ። ሽበቱንና ጥቃቅን ስንጥቁን ይተዉት። ስንጥቅ በሲሊኮን መድፈን የደግ ሰው ስሕተት ነው፤ ውሃው በሌላ በኩል ገብቶ ከሲሊኮኑ ጀርባ ይቀራል። ሻማ በእንጨቱ ላይ አይለጠፍ፣ በመስተዋት ፋኖስ ውስጥ ሆኖ በፊት ለፊቱ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ። የሥጋው ዘይት በየሁለት ሦስት ዓመቱ ይታደስ።

ጣሪያው ብቻ ካረጀ ጣሪያውን ብቻ ይቀይሩ። ቋሚው ካልሆነለት ሥጋውን አውርደው በአዲሱ ላይ ይስቀሉት፤ በአልፕስ ሥጋው ከእንጨቱ አብልጦ መኖሩ የተለመደ ነው። አሮጌው እንጨት የተባረከ ስለሆነ ቆሻሻ ላይ አይጣልም፤ ይቃጠልና አመዱ ይቀበራል። ከማቃጠልዎ በፊት ግን ብሎኖቹን ይንቀሉ። ካልዛጉ ለሚቀጥለው ያገለግላሉ።